ማስተካከያ፦ የአሉሚኒየም ድስትና አልዛይመር

«በአሉሚኒየም ድስት ማብሰል አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ያስይዛል» ተብሎ የተሰራጨው መረጃ ይታረም፤ አልተረጋገጠም። አሉሚኒየም አንጎልን ሲጎዳ በግልጽ የታየው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ላይ ነው። በእጥበቱ ውኃ የነበረው አሉሚኒየም በአንጀት ሳያልፍ ደም ውስጥ ገባ፤ የታመመው ኩላሊትም ሊያስወጣው አልቻለም። አንደበት መተሳሰር፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መዳከም ተከተሉ። ያም ቢሆን ከአልዛይመር የተለየ በሽታ ነው።

ከምግብ ጋር ከሚዋጠው አሉሚኒየም ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን በሽንት ያስወግደዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው ሳምንታዊ ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ድስቱን መጣል አያስፈልግም። የቲማቲም ስልስ ወይም ሎሚ ያለበትን ምግብ ግን አታሳድሩበት፤ አሲዱ አሉሚኒየሙን ያሟሟዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ከድስቱ ይልቅ አሉሚኒየም ያለበትን የጨጓራ መድኃኒት ይጠንቀቅ፤ ያለሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ።