የአባዬ ወንበርና የእማዬ ቡፌ፦ 75 ኢንች ወይስ 55?

እህትና ወንድም ነን። ለወላጆቻችን ሳሎን አዲስ ቴሌቪዥን ልንገዛ ብር አዋጥተናል። ያለው 32 ኢንች ግራ ጎኑ ጨልሟል፣ ጠጋኙም ተስፋ ቆርጦበታል። በመጠኑ ግን መስማማት አቃተን። በስልክ ስንነታረክ ሁለት ሳምንት ሞላን። በመጨረሻ ሁለታችንም ሐሳባችንን እንጻፈው ተባባልን። ይኸው።

ወንድም፦

እታለም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። 75 ኢንች እንግዛ።

ምክንያቴ አባዬ ነው። ማታ ዜና ሲጀምር ልብ ብለሽ እይው። ከወንበሩ ይነሳል፣ በግራ እጁ ቡፌውን ይደገፋል፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ይታገላል። ግማሹን ሳያነብ ያልፍበታል። ተመልሶ እስኪመጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። የሞራ ግርዶሹን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ዓይኑ ተሻሽሏል፣ ከሩቅ ያለ ትንሽ ፊደል ግን አሁንም አይለይም። በዚህ ዕድሜው ቆሞ ዜና ማየት የለበትም።

ሳሎኑን ለካሁት። ከአባዬ ወንበር እስከ ቡፌው 3 ሜትር ከ20 ነው። ኢንች የሚባለው ከስክሪኑ አንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት ነው፤ አንዱ 2.54 ሳንቲ ሜትር። ለዓይን ይመቻል የሚባለው ርቀት ደግሞ የዚያ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። 75 ኢንች 190 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከ2 ሜትር ከ85 ላይ ይታያል ማለት ነው፣ አባዬ ከተቀመጠበት ብዙም አይርቅም። ለ55 ግን 2 ሜትር ከ10 ነው የሚያስፈልገው። ወንበሩን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ፊት ልንገፋው ነው? እዚያ ጋ ደግሞ የእማዬ ረከቦት አለ።

55 እና 75 ሲባል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የስክሪኑን ስፋት ስታሰዪው ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

መብራት ይበላል እንዳትይኝ። የዚህ መጠን ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዋት አይበልጥም። የእማዬ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው መብራት ቴሌቪዥኑን 15 ሰዓት ያሠራዋል።

እህት፦

ወንድምዓለም፣ አባዬን ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ግን ሳሎኑን የለካኸው ማታ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የምውለው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ትገባና ቡፌው ላይ ታርፋለች። ያኔ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፕሮግራሙ ሳይሆን መስኮቱ ነው፣ የብረት ፍርግርጉ ሳይቀር ይቆጠራል። እማዬ ተነስታ መጋረጃው ላይ ጋቢ ትደርባለች። ትልቅ ስክሪን ገዛን ማለት ትልቅ መስታወት አቆምን ማለት ነው። በቀን ብርሃን የሚያዋጣው የስክሪኑ ድምቀት ነው፤ በኒት ይለካል። በእኛ ብር 75 ካልን የምናገኘው ርካሹን ነው፣ 250 ወይ 300 ኒት ያለውን። በዚያው ብር 55 ብንገዛ ግን በጣም የሚሻል ድምቀት ያለው እናገኛለን።

ሌላው ዲሹ ነው። ካርቶኑ ላይ 4ኬ ተብሎ ቢጻፍ እማዬ የምታያቸው ጣቢያዎች 4ኬ አይደሉም። ጥሩዎቹ ኤችዲ ናቸው፣ ሌሎቹ ገና በድሮው ጥራት ነው የሚመጡት፣ 720 በ576 ነጥብ። ነጥብ የምልህ ምስሉ የሚሠራባቸውን ጥቃቅን የብርሃን ነጠብጣቦች ነው። 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነጥብ አለው። አባዛው። ከ20 ነጥብ አንዱ ብቻ ነው ከጣቢያው የሚመጣው፣ 19ኙን ቴሌቪዥኑ ራሱ ገምቶ ነው የሚሞላው። ጎረቤት ቤት ባለ 75 ኢንቹ ላይ ቅዳሴ ሲተላለፍ አይቻለሁ። የካህኑ ፊት እንደ ሰም ቀልጦ፣ የካባው ጥልፍ ተድበስብሶ። እማዬ ደግሞ ቅዳሴውን እያየች ነው የምትጸልየው።

ሦስተኛው ነገር አቀማመጣችን ነው። ሶፋው የኤል ቅርጽ አለው። አባዬ ፊት ለፊት ነው፣ እማዬ ግን በጎን ናት፣ እሁድ እሁድ ግማሹ ቤተሰብ በጎን ነው። ቪኤ የሚባለው የፓኔል፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ገጽ፣ ዓይነት ጥቁሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይነጣል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይሆናል እንጂ ከጎን ላለ ሰው ብዙም አይቀየርም። ለእኛ የሚሆነው ይሄኛው ነው። ሻጩ ይህን አይነግርህም፤ ከፍቶ ሲያሳይህ ወደ ጎን ሄደህ እይ። ጓደኛህ ይሻላል ያለህ ኦኤልኢዲ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራው ዓይነት፣ ከጎንም ያምራል፣ ግን የእማዬ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ላይ ነው የሚውለው፣ የጣቢያው አርማ በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል።

ደግሞ አስታውስ። መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ሲቀድመው ያየነው በዚያ ጀርባው ባበጠ 21 ኢንች ነው። የሰፈሩ ሰው እኛ ቤት ነበር። ዕልልታው ጣሪያ ሊያነሳ ነበር። ማንም ስለ ስክሪኑ ትንሽነት አላወራም።

ወንድም፦

አላወራም? እታለም፣ እኔ ከአባዬ አጠገብ ነበርኩ።

ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነበር። ሁለቱ እኩል ደረት ሰጥተው ሲገቡ ሳሎኑ ዝም አለ። አባዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞት ነበር፣ "ማነው? ማነው የገባው?" ይላል። ከኋላ የቆሙት ምንም አላዩም። ዕልልታው የመጣው ጋዜጠኛው ከተናገረ በኋላ ነው። ያኔ አባዬ ጎልማሳ ነበር፣ ጉልበቱም ደህና ነበር። አሁን እንደዚያ ተንበርከክ ልትይው ነው?

ፀሐዩን በተመለከተ ልክ ነሽ፣ አላየሁትም ነበር። ግን ወፍራም መጋረጃ ከቴሌቪዥን ይረክሳል። ጨርቁን እኔ እገዛለሁ፣ እማዬም ጋቢዋን ታሳርፋለች።

ስለ ዲሹ ያልሽው ደግሞ እውነት ቢሆንም ጊዜያዊ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ኤችዲ ጣቢያ ስንት ነበር? አሁን እየበዛ ነው። ልጆቹ ዩቲዩብ ነው የሚከፍቱት፣ እዚያ ላይ 4ኬ ሞልቷል፣ 20 ሜጋ ቢት ገደማ ኢንተርኔት ካለ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ቴሌቪዥን በየዓመቱ አንቀይርም። የአሁኑ ስንት ዓመት አገለገለ? ለሚቀጥሉት ዓመታት ነው የምንገዛው፣ የአባዬ ዓይን ደግሞ ከዚህ በኋላ እየደከመ እንጂ እየበረታ አይሄድም። ይህን ስጽፍ ከብዶኛል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

እህት፦

የአባዬን ዓይን አልካድኩም። አንተ ግን የአባዬን ጆሮ ረስተኸዋል።

ጽሑፉን ለማንበብ የሚነሳው እኮ ዜና አንባቢዋ የምትለውን በደንብ ስለማይሰማ ጭምር ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምረዋል፣ እማዬ ራሷን ይዛ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። የአሁኖቹ ቴሌቪዥኖች ቀጭን ስለሆኑ ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ ነው፣ የአብዛኞቹም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ነው። ንግግሩ ግድግዳ መትቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ብሩን በሙሉ ስክሪን ላይ አንጨርሰው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ለሚቀመጠው ረጅም ድምፅ ማጉያ፣ ለሳውንድባር፣ ይትረፍ እላለሁ። የሰው ንግግር ጎላ የሚያደርግ ቁልፍ ያላቸው አሉ፣ አባዬን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ለስታብላይዘርም ይትረፍ። የእኔ 43 ኢንች እንዴት እንደሞተ ታውቃለህ። መብራት ሄደ፣ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣ፣ ከኋላው ጭስ ሸተተኝ። የሸጠልኝ ሱቅ የአንድ ዓመት ዋስትና ብሎ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ተሸክሜ ስመለስ ወረቀቱን ገልብጦ ከሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ፤ በመብራት የመጣ ብልሽት አይመለከተንም ትላለች። በታክሲ ይዤው ስመለስ አለቀስኩ። እማዬ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ዲቫይደሩን የምትነቅለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ርቀቱን ለክተሃል፣ ቡፌውን ለክተሃል? እኔ ዛሬ ጠዋት ለካሁት። የቴሌቪዥኑ ቦታ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ነው። 75 ኢንች ወርዱ 166 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አይገባም። ሊገባ የሚችለው ቡፌው ከወጣ ብቻ ነው። ያ ቡፌ ደግሞ እማዬ ስትዳር የገባ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከእኛ ይበልጣሉ፣ ለበዓል እያወጣች አጥባ በነጭ ጨርቅ ጠርጋ ነው የምትመልሳቸው። አውጪው የሚላት ሰው እኔ አልሆንም።

ከቡፌው በላይ በብራኬት እንስቀለው እንዳትል ደግሞ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ቢል ነው። የስክሪኑ መሐል እዚያ አካባቢ ሲሆን ነው የሚመቸው። ጣሪያ ሥር ከሰቀልነው አባዬ ምግብ ቤት ውስጥ ኳስ እንደሚያይ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሊያመሽ ነው።

ወንድም፦

በቡፌው አሸነፍሽኝ። ቡፌው አይወጣም፣ እኔም እንዲወጣ አልፈልግም። 75ን ትቼዋለሁ።

55 ላይ ግን አልስማማም። 65 እንይ። ወርዱ 144 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱ 81። 1 ሜትር ከ50 ውስጥ ይገባል፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሳንቲም ይተርፋል። ስፋቱ ከ55 በ40 በመቶ ይበልጣል። አባዬ ለሚያነባት ለዚያች ጽሑፍ ይህ ትንሽ አይደለም። የአንዳንዶቹ ቴሌቪዥኖች እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ ከመክፈላችን በፊት የእግሩንም ርቀት እንለካለን። እዚያው ሱቅ ውስጥ ነጭ ስክሪን አስከፍተን የሞተ፣ የማይበራ ነጥብ ካለ እናያለን፣ ወደ ጎንም ሄደን እናያለን እንዳልሽው። ስናመጣው ቆሞ ነው የሚጓዘው፣ ተጋድሞ ከመጣ ፓኔሉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሳውንድባሩንና ስታብላይዘሩን ተቀብያለሁ። ብሩ ካልበቃ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቅዳሜ 144 በ81 አድርጌ የቆረጥኩት ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። አንዱን ደግሞ በ55 ልክ፣ 122 በ68። ከሥራቸው ዜናው ላይ እንደሚያልፈው ጽሑፍ ፊደል በልኩ እጽፍበታለሁ። አባዬ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ለምን እንደሆነ አንንገረው። ተቀምጦ ያነበበውን እንገዛለን።

እህት፦

እሺ፣ ና። ተቀምጦ የሚያነበው 65ቱን ብቻ ከሆነ 65 ይሁን፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨምርም። 55ቱንም ካነበበው ግን የተረፈው ብር ለድምፁና ለድምቀቱ ነው።

ካርቶኑን ግን በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ሸፍነው። የምትመጣውም 9 ሰዓት ላይ ይሁን። መጋረጃውን ከፍቼ ነው የምጠብቅህ።