«እነሱም እንደኛ ናቸው» አትበሉኝ

የ2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር አበሾች የሚረሳ አይደለም። ታኅሣሥ 28 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 6፣ 2021። እኛ ሽንኩርት ስንከትፍ የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን መስኮት ሰብረው ገቡ። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን የመስኮቱ መሰበር ብቻ አይደለም። የባለቤቴ ወንድም እኛ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ይኸው! እነሱም እንደኛ ናቸው!» ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ከስንቱ ሰማሁት። ከታክሲ ነጂዎች፣ ቡና ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። የሚያናድደኝ ደግሞ ሲሉት ደስ ብሏቸው ነው። ከሆነ ዕዳ የተገላገሉ ይመስላሉ።

ቀኑ እንዲህ ነበር። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ታጥቦ ተቀምጧል። ቁሌቱ ከጠዋት ጀምሮ ተጥዷል። ቁሌት ደግሞ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም፤ ሴቶቹ ዜናውን ከኩሽና በጆሯቸው ነበር የሚከታተሉት። ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነገሩ ሲበላሽ ባለቤቴ ማማሰያውን እንደያዘች ሳሎን ወጣች። ቁሌቱ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷም አላየችው፣ እኛም አላየነው። ብዙ ሳይቆይ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ዋሽንግተን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12፤ ከቨርጂኒያም አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን እንደዚያው። በገና ሌሊት! ኮሮና ያስቀረብን አልበቃ ብሎ፣ ተራርቀን ቆመን እናስቀድሳለን ያልናትም ሌሊት ቀረች።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እዚያ መሽቷል፤ ነጠላዋን ለብሳ ለማኅሌት ልትወጣ ነው። ትግራይ ላይ ጦርነት ነበር፣ እሷም የራሷ ጭንቀት ይበቃታል። ግን «ልጄ፣ ደህና ናችሁ ወይ? ከቤት እንዳትወጡ!» አለችኝ። በ1997 እንዲህ ስንባል የነበርነው እኛ ነን፤ የምትደውለው ደግሞ አሜሪካ ያለችው አክስቴ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የነበረውን የምርጫ ሰልፍ ያየ ሰው አይረሳውም። እኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በርጩማ ይዘው ነው የተሰለፉት። ማታ ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ሰዉ በባትሪ እያበራ አነበበው። አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው ቅንጅት ለፓርላማ 23ቱንም ወንበር ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን። እስከዚህ ድረስ እኛም መቁጠር እናውቅ ነበር። ከበሩ ወረቀት በኋላ ነው ሁሉም ነገር የተድበሰበሰው። የዚያኑ ዕለት ማታ ሰላማዊ ሰልፍ ታገደ። ሰኔ 1 ሰው ተገደለ። አቤቱታ ይጣራ ተብሎ በ31 የምርጫ ክልሎች እንደገና ተመረጠ፤ ግንቦት ላይ የተሸነፉ ባለሥልጣናት ነሐሴ ላይ አለፉ። የመጨረሻው ውጤት ሲነገር ነሐሴ እያለቀ ነበር፤ ገዥው ኢሕአዴግ በ327 መቀመጫ አሸነፈ ተባለ።

ያንን እንቁጣጣሽ አስታውሰዋለሁ። በጉ ታርዷል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ቀርቧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል። አንድ ሰው «ግን እኮ ድምፃችን…» ብሎ ሲጀምር አባቴ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና «በዓል ነው፣ ፖለቲካ ይቅር» አለ። አልፈርድበትም። ጥቅምት ላይ እንደገና ደም ፈሰሰ። ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በኋላ የደረሰበት ቁጥር 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ነው።

እዚህ ላይ ነው የባለቤቴን ወንድም ልብ በል የምለው። እዚህም ሰው ሞቷል፣ ከመቶ በላይ ፖሊስ ተጎድቷል። የተሸነፈ ፕሬዚዳንት አልተሸነፍኩም ብሎ ሕዝብ አስነስቷል። ይህን ማን ይክዳል? ግን ክርክሩ የሚኬድበት ቤት ነበረው። ከ60 በላይ ክስ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ትራምፕ ራሳቸው የሾሟቸው ዳኞች ሳይቀሩ አንቀበልም አሉ። ጆርጂያ ወደ 5 ሚሊዮን ድምፅ በእጅ ቆጠረች። የጆርጂያን ምርጫ የሚመሩት ብራድ ራፈንስፐርገር የትራምፕ ፓርቲ ሰው ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ደውለው 11,780 ድምፅ ፈልጉልኝ አሏቸው። ሰውዬው እምቢ አሉ። የስልኩ ቅጂ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አልታሰሩም፣ አልተሰደዱም። እንዲያውም በ2022 እንደገና ተወዳድረው አሸነፉ።

የእኛዎቹስ? ድምፅ የቆጠሩትን ተዋቸው፣ የሞተ ሰው የቆጠሩትን ልንገርህ። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው የተወሰደው እርምጃ ከልክ ያለፈ ነው ብለው ስለደመደሙ ግፊት በዛባቸውና አገር ጥለው ወጡ። ሁለቱም ዳኞች ነበሩ። ይህንን እያወቅህ «እነሱም እንደኛ ናቸው» ስትል በማን ላይ ነው የምትፈርደው? ለእውነት ብለው በተሰደዱት ላይ እኮ ነው! የትም ቢሆን ያው ነው ካልን፣ እነሱ በከንቱ ነው የተንከራተቱት ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ይህን የሚለው በእህቴ ልጅ ፊት ነው። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። በኮሮና ምክንያት አዛውንቶቹ የምርጫ ሠራተኞች ቤት ሲቀሩ ወጣት ይፈለጋል ተባለና ተመዘገበች። የምርጫው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጣቢያው ደርሳ እስከ ማታ እዚያው ዋለች። በገናው ዋዜማ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዓይኗ እያነባ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ ልታስረዳው ሞከረች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ። ማሽኑ ወረቀት ያወጣል። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ቁጥሩን አይተው ይፈርማሉ። እኔም ፈርሜያለሁ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ፖለቲካ አይገባሽም። በዓል ነው፣ ተይው» አላት።

አባቴ ያን ቀን ዝም ያሰኘን ፈርቶልን ነው። ጎረቤት ይሰማል፣ ቀበሌ ይጠራል፣ ልጅ ይታፈሳል። አሌክሳንድሪያ ላይ ማን እንዳይሰማን ነው? በገዛ እጇ የፈረመችውን ነገር ስትናገር ምን አጠፋች? ለእንግዳ ቡና ስታቀርብ አድገሻል እንላታለን፣ ስትናገር ግን ልጅ ነሽ።

ሰዓት እላፊው ሰውዬውን እኛው ቤት አሳደረው። ሌሊቱን ማኅሌቱን በስልክ እየሰማን፣ ኮንግረሱን በቴሌቪዥን እያየን አደርን። እነዚያ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው የዋሉ ሰዎች ማታውኑ ተመልሰው ተቀመጡ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው የተሸነፉበትን ውጤት አነበቡ፤ 306 ለ232። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አልተኛችም። እሱ ያንኮራፋ ነበር።

ጠዋት ጾም ስንፈታ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ እንቁላሉ እየታደለ፣ ያንኑ ደገመው። አልቻልኩም። «ልጅቷ ትጨርስ፣ ስትጨርስ ይቅርታ ትጠይቃታለህ» አልኩት። ባለቤቴ ተቆጣችኝ፤ ሰው በበዓል ቀን እንዲህ ይባላል ወይ ብላ። ልጅቷ ግን ቀጠለች፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ ስለዚያ ወረቀት አስረዳችን። ጥያቄ የጠየቋት እናቷና እኔ ነን። እሱ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ይቅርታውን እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።