ውዳሴ ለመጸዳጃ ቤቱ ሊቅ

የሰውን አገር ጠባይ ለማወቅ ቋንቋውን ተምረው፣ ታሪኩን አንብበው፣ ዓመታት አብረው ኖረው ለደከሙ ሁሉ ከልብ አዝናለሁ። ለካስ አቋራጭ ነበረው፦ ሻንጣን አልጋ ላይ ወርወር ማድረግ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር መክፈት፣ ከዚያም «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» ማለት። ሦስት ሌሊት ያደሩት መንገደኛ ሲመለሱ ስለዚያ ሕዝብ የማያውቁት ነገር አይኖርም። እኚህን ሊቅ ሳላወድስ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ሮም እንደገቡ ከመጸዳጃው ጎን ዝቅ ብሎ የተተከለውን ቢዴ አዩና ምሥጢሩ ወዲያው ተገለጠላቸው፤ የእግር መታጠቢያ ነው። ካልሲያቸውንም አጠቡበት። ጣሊያኖች ከተጸዳዱ በኋላ የሚታጠቡበት ዕቃ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ደንባቸውም በየመኖሪያ ቤቱ ቢያንስ በአንዱ መታጠቢያ ክፍል እንዲኖር ማዘዙን ማንም አልነገራቸውም። እንኳን አልነገራቸው! በወረቀት ብቻ ጠርጎ የሚወጣውና በውሃ የሚታጠበው ማን ማንን መናቅ እንዳለበት ማሰብ ሊጀምሩ ነበር።

እዚያው ከተማ ውሃ ጠማቸው። ሮማውያን «ናሶኒ» ማለትም ትልልቅ አፍንጫዎች የሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ቁጥራቸው 2,500 ገደማ ነው፤ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ቀን ከሌት ያፈስሳሉ። የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይፈነጥቃል፤ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። ሊቃችን ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያበቁ ከአጠገቡ ካለው ኪዮስክ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገዙ። ጥንቃቄ አይነቀፍም።

ስለ ጥንቃቄ ከተነሣ፣ የቧንቧ ውሃ አይጠጣም በሚባልበት አገር ያሳዩት ጥንቃቄ ለብቻው ሐውልት ይገባዋል። ጥርሳቸውን ሳይቀር የሚያጸዱት በታሸገ ውሃ ነበር። ማታ ማታ ግን መጠጣቸውን በበረዶ ሞልተው ይጎነጩ ነበር። በረዶው ከየት ቧንቧ ተቀድቶ እንደረጋ አልጠየቁም፤ ብርድ ጀርምን ይገድላል ብለው ይሆናል፤ ጀርሙ ይህን አልሰማም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት ስላልወጡ ካደረጓቸው ጥናቶች ሁሉ ጥልቀት ያለው የዚያ አገሩ ሆነ።

በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የሙቅ ውሃውን ሲከፍቱ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አወዳቸውና የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቷል ብለው የሆቴሉን ሠራተኛ ጠሩ። ሙቅ ውሃው የከርሰ ምድር እንፋሎት ካለበት የሚመጣ፣ ሽታውም የድኝ እንደሆነ፣ ቀዝቃዛው ግን በሌላ መስመር የሚመጣ የጠራ የምንጭ ውሃ እንደሆነ ሠራተኛው በትዕግሥት አስረዳ። ሊቃችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሚያታልለው ሌላውን ነው።

ለንደን ደግሞ በአንድ ገንዳ ላይ ሁለት ቧንቧ ጠበቃቸው፤ ግራው ያቃጥላል፣ ቀኙ ያደነዝዛል። በድሮ ቤቶች ሙቁ ውሃ ጣሪያ ሥር ካለ ታንከር ስለሚወርድ ከሚጠጣው ቀዝቃዛ ጋር እንዳይቀላቀል ተለያይቶ የቀረ ነው። እርሳቸው ግን በጥልቀት ተመራመሩና «እነዚህ ሰዎች መካከለኛ መንገድ አያውቁም» ሲሉ ደመደሙ።

የዕውቀታቸው ጫፍ ጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ «ዎሽሌት» በሚል ስም ለገበያ ከቀረበው ወገን የሆነ መጸዳጃ፣ መቀመጫው የሚሞቅ፣ ውሃ የሚረጭ፣ አዝራሩ እንደ አውሮፕላን መሪ ክፍል የበዛ። ሊቅ መመሪያ አያነብም። አንዱን ሲጫኑ ውሃው ከታች ተነሣባቸው፤ ደንግጠው ቢቆሙ መስተዋቱን አጠበው። ለማስቆም ያገኙትን ሁሉ ተጫኑ፤ ከአዝራሮቹ ጎን ያለውን ቀዩንም ጭምር። ቀዩ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ነበር። ከደቂቃ በኋላ ሁለት ሠራተኞች እየሮጡ መጥተው በሩን አንኳኩ፣ ደኅና መሆናቸውን ጠየቁ፣ ስላስቸገሩም ይቅርታ ለመኑ።

ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ያሰፈሩትን አይቼዋለሁ፦ «ጃፓኖች ጨዋ ይባላሉ እንጂ፣ ሰው መጸዳጃ ቤት ሳለ በር ያንኳኳሉ።»