ሳጥኑ ላይ የማይጻፈው ቁጥር

የሞዴል ሎኮሞቲቭ ገዝቶ ማሸጊያ ሳጥኑን ያገላበጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሎኮሞቲቩ ስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ እንዴት እንደሚቀያየር፣ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ በየትኛው ዘመን ለየትኛው የባቡር ድርጅት ያገለግል እንደነበር በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ስንት ግራም እንደሚመዝንና በዳገት ላይ ስንት ፉርጎ እንደሚጎትት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ከባድ የጭነት ባቡር ዳገት ሲወጣ ማየት ለሚወድ ሰው ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ቁም ነገር የለም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሎኮሞቲቭ የዳገቱ ወገብ ላይ ሳይደርስ መንኰራኩሮቹ በባዶ እየተሽከረከሩ ቆሞ የሚቀረው፣ ይህን ቁጥር አስቀድሞ የሚነግረን በመጥፋቱ ነው።

የምኖረው በደቡብ ጀርመን ነው፤ በ1፡87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ የምሠራው ሞዴልም በሽቱትጋርትና በኡልም መካከል የሚገኘውን የጋይስሊንገን ዳገት መነሻ ያደረገ ነው። በ1850 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ መስመር በ5.6 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 112 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ እጅግ በጠነከረበት ቦታም ዳገቱ 2.25 በመቶ ይደርሳል፤ በየ100 ሜትሩ 2.25 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ከባድ የጭነት ባቡር በመጣ ጊዜ ሌላ ሎኮሞቲቭ ከኋላው ተጠግቶ እየገፋ ያወጣዋል። በ1882 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የስዊዘርላንዱ የጎትሃርድ መስመርም ተራራውን በጥምዝምዝ ዋሻዎች እየዞረ የሚወጣው ዳገቱ ከ2.7 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የእኛው መስመር ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ለመውጣት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ወስዷል። የእውነተኛ ባቡር መሐንዲሶች ከፍታን በርቀት እንደሚገዙ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ሻጩ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «4 በመቶ ምንም አይልም፣ ይወጣል» ሲለኝ እንዴት አልናደድ?

ሒሳቡ እኮ የተማሪ ሒሳብ ነው። 400 ግራም የሚመዝን፣ መንኰራኩሮቹ ሁሉ በሞተር የሚነዱ፣ እንዳይንሸራተት በመንኰራኩር ዙሪያ የሚጠለቀው የጎማ ቀለበት ያልተገጠመለት ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። መንኰራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ኃይል የክብደቱ ሩብ ያህል ነው ብንል፣ ሎኮሞቲቩ በ100 ግራም ኃይል ይጎትታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ 110 ግራም ቢመዝንና በሜዳ ሰበቃን አሸንፎ ለመንከባለል የክብደቱን 2 በመቶ፣ ማለትም 2.2 ግራም ኃይል ቢጠይቅ፣ ሎኮሞቲቩ 45 ፉርጎ ይጎትታል። ይህንኑ ባቡር ወደ 3 በመቶ ዳገት ስናመጣው፣ እያንዳንዱ ፉርጎ በሰበቃው ላይ የክብደቱ 3 በመቶ ስለሚጨመርበት የሚጠይቀው ኃይል 5.5 ግራም ይሆናል፤ ሎኮሞቲቩም የራሱን ክብደት ሽቅብ መሸከም ስላለበት ከ100 ግራሙ 12 ይቀነስበታል። የቀረው 88 ግራም ለ5.5 ሲካፈል 16 ፉርጎ ብቻ ይወጣል። በ4 በመቶ ደግሞ 12 ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ኩሽኔታዎቹ እጅግ ጥሩ ሆነው የፉርጎው ሰበቃ ከ2 ወደ 1 በመቶ ቢወርድ፣ ያ ሎኮሞቲቭ በሜዳ የሚጎትተው ከ45 ወደ 90 ፉርጎ በእጥፍ ሲያድግ፣ በ3 በመቶ ዳገት ላይ የሚጎትተው ግን ከ16 ወደ 20 ብቻ ነው የሚያድገው፤ ምክንያቱም ዳገት ላይ አብዛኛውን ኃይል የሚበላው ሰበቃው ሳይሆን ስበቱ ነው። ስለዚህ በመደብሩ መስታወት ውስጥ፣ በሜዳ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ፣ ረጅም ባቡር ያለ ችግር ሲዞር ያየ ገዢ ስለ ዳገት አንዳች ነገር አላየም። ያየው ነገር ጭራሽ ሊያሳስተው ይችላል፤ ሻጩ ግን ያንኑ እንደ ማስረጃ ያቀርብለታል።

በዚህ ላይ ኩርባ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። በጎትሃርድ ላይ እጅግ ጠባብ የሚባለው ኩርባ 300 ሜትር ገደማ ራዲየስ አለው፤ በ1፡87 ሲቀነስ ወደ 3.5 ሜትር ይጠጋል። ከጀርመኑ የሞዴል ባቡር አምራች ከማርክሊን ሐዲዶች በብዛት የሚታወቀው ጠባብ ኩርባ ግን 360 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ እውነተኛው ዓለም ሲመለስ 31 ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ኩርባ ላይ የመንኰራኩሩ ከንፈር፣ ማለትም ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ጠርዝ፣ ከሐዲዱ ጎን ጋር ስለሚፋተግ፣ ዳገቱ በወረቀት ላይ 3 በመቶ ቢሆንም ለሎኮሞቲቩ ከዚያ የበለጠ ይከብደዋል። የባቡሩ ራስ ወደ ላይ ሲስብ፣ የጅራቱ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ሲጎትት፣ መካከል ላይ ያለ ቀላል ባዶ ፉርጎ ወደ ኩርባው ውስጥ ተስቦ ከሐዲድ ይወጣል።

ክፍል ጠባብ መሆኑ የማንም ጥፋት አይደለም። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል፤ በ2 በመቶ ይህን ለመውጣት 4 ሜትር፣ ለመውረድም ሌላ 4 ሜትር ይጠይቃል፤ ሜዳው ወደ ዳገት ቀስ ብሎ የሚለወጥበት መግቢያና መውጫ ገና አልተቆጠረም። ፋብሪካዎቹ ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ የድልድይ እግሮችን በፓኬት አሽገው፣ የትኛውም ጠረጴዛ ላይ ይበቃል ብለው የሚሸጡት። 18 ሴንቲ ሜትር በሆነ በእያንዳንዱ ሐዲድ እግሩ 9 ሚሊ ሜትር ከፍ እያለ ከሄደ ዳገቱ 5 በመቶ ነው። ሁለት ቀላል የመንገደኛ ፉርጎ ለሚጎትት ልጅ ይበቃው ይሆናል፤ የድንጋይ ከሰል ለጫነ ባቡር ግን የማይሆን ነገር ነው፤ ይህንንም ፓኬቱ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ የሚከብድ አይደለም።

ስለ ክብደት የሚሰጠው ምክርም ከዳገት ጋር ይጋጫል። በ1935 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በዚህ መጠን ለሚሠራ ፉርጎ 1 አውንስ መነሻ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ እንዲጨመር ይመክራል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ፉርጎ 113 ግራም ያህል ይመጣል ማለት ነው። ምክሩ መልካም ነው፣ ፉርጎውን ሐዲድ ላይ ያጸናዋል። ነገር ግን ያው የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም ዳገት ላይ መነሣት አለበት። ስለዚህ ዳገት ላለው ሰው የሚበጀው ፉርጎዎቹን ሁሉ ተቀራራቢ ክብደት ላይ ማድረስና ከባዶቹን ከፊት፣ ቀላሎቹን ከኋላ ማሰለፍ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን አንዱን ፉርጎ እንደ ላባ አቅልለው፣ ሌላውን በብረት ሞልተው ስለሚልኩልን፣ ሚዛን ይዞ እርሳስ እየቆረጡ ማስተካከል የገዢው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ሎኮሞቲቩስ? ቀድሞ በብረት ይሞላ የነበረውን ሆዱን ዛሬ ዲኮደር (ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚመራው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ) እና ድምፅ ማጉያ ይሻሙታል፤ ክብደቱ ያነሰውን በጎማ ቀለበት ይክሱታል። ቀለበቱ ሐዲዱን ቆንጥጦ የመያዝ ኃይሉን ማጠንከሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያረጃል፣ ይላላል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ የተገጠመበት መንኰራኩርም ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ መቀበል ያቆማል። እርሳስ ጨምረን በራሳችን እናክብደው ብንል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ መንኰራኩሩ መንሸራተት እስኪያቅተው ከከበደ፣ ጭነቱ ሲበዛበት ሞተሩ ቆሞ ይግላል፣ ይቃጠላልም። ምን ያህል መጨመር እንደሚቻል የሚያውቀው ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ እርሱም አይናገርም።

«እንግዲያው ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ግዛ» ይባላል። እንደ ጋይስሊንገን ከኋላ እንዲገፋ ማድረግ በእርግጥ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ፍጥነታቸው እኩል ካልሆነ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ የኋላው ከፈጠነ ቀላሎቹን ፉርጎዎች ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ገፍቶ ያስወጣቸዋል። ፍጥነታቸውን ለማቀራረብ የዲኮደሮቹን መነሻ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ፍጥነት አንድ በአንድ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ጭነት ሲመጣ ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያም ሁለቱን ሊያጣላቸው ስለሚችል እርሱን ማለዘብ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆን ሥራ ነው፣ የሚያስደስትም ሥራ ነው። የሚያሳዝነው አንዱ ሎኮሞቲቭ ስንት እንደሚችል ሳይነገረን ሁለተኛውን እንድንገዛ መመከራችን ነው።

ቁልቁለቱንም ማንም አያነሣውም። ከባዱ ባቡር ሲወርድ ሎኮሞቲቩን ከኋላ ይገፋዋል፤ በማርሾቹ መካከል ክፍተት ካለ ሎኮሞቲቩ እየተንገጫገጨ ይወርዳል፣ መቀጠያዎቹም ተራ በተራ እየተጨመቁና እየተወጠሩ በሰላም የወጣው ባቡር ወርዶ ሳይጨርስ ይቆረጣል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንዳንድ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር መጽሔቶች አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲገመግሙ የመጎተት ኃይሉን በመለኪያ ለክተው ያትማሉ፤ እነርሱ የሚችሉትን ፋብሪካው የማይችልበት ምክንያት የለም። ያ እስኪሆን ድረስ ሎኮሞቲቭ ያላችሁ ሁሉ በኩሽና ሚዛን መዝኑትና ክብደቱን፣ የሚነዱ መንኰራኩሮቹን ብዛት፣ የጎማ ቀለበት ይኑረው አይኑረው፣ የዳገታችሁን በመቶኛ፣ የኩርባችሁን ራዲየስ፣ ሳይንሸራተት የጎተተውን የፉርጎ ብዛትና የአንዱን ፉርጎ ክብደት ጻፉልኝ፤ የእኔንም ሎኮሞቲቮች መዝኜ በዚሁ መልክ አወጣለሁ።