ሱቁ ታሸገ፣ ስልኩስ?

ሰሞኑን አምባሳደር አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ የተናገረው ነገር እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል። የሚሠራው ዲጂታል ክፍያ የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ ነው። ለቁማር ድረ ገጾች የሚሄደውን ብር ለምን አትገድቡም አልኩት። ሳቀ። እኛ መንገድ ነን፣ መንገድ ደግሞ መንገደኛውን ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አይጠይቅም አለኝ።

የምን መንገድ ነው እባካችሁ! መንገድ ኮሚሽን አይቆርጥም። መንገድ ማን ለማን፣ ስንት ብር፣ በስንት ሰዓት እንደላከ መዝግቦ አያስቀምጥም። ባለፈው ለእህቴ የላክሁት ገንዘብ «አጠራጣሪ ነው» ተብሎ ሁለት ቀን ታግቶብኛል። ስደውል ለማን ነው፣ ለምንድን ነው፣ ምንህ ናት ተባልኩ። ያን ቀን መንገዱ አፍ አውጥቶ ነበር።

አናውቅም የሚሉት ነገር ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። በካርድ ክፍያ እያንዳንዱ ነጋዴ ባለ አራት አሃዝ መለያ አለው። የቁማሩ 7995 ነው። ይህን ቁጥር ያየ ባንክ ብሩ ዳቦ ሊገዛ እንዳልሄደ ያውቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንተርኔት ቁማር ላይ ሕግ ስታወጣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚወራረደውን አላሳደደችም። የያዘችው የክፍያውን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ፣ ለቁማር ድረ ገጾች ክፍያ ያስተላልፍ የነበረው የኔቴለር መሥራቾች ሲታሰሩ ድርጅቱ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የት ላይ መያዝ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚይዘው።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ያችኑ የተለመደች መልስ መዘዘ፤ ብታግደውም ይደበቃል አለ። አዎ፣ ተደብቋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2011 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በትልልቆቹ የፖከር ድረ ገጾች ላይ ክስ ሲመሠርት፣ የቁማሩ ገንዘብ የጌጣጌጥና የጎልፍ ኳስ ሽያጭ እየመሰለ በባንክ ያልፍ ነበር ሲል ከሷል። ታዲያ ይሄ የማን ማስረጃ ነው? የእኔ እንጂ! የቁማርን ገንዘብ የጎልፍ ኳስ ብሎ የሚመዘግብ ሰው የተሸከመውን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቅማ ምኑን ይደብቃል? ደግሞስ ሌባ መስኮት ሰብሮ ይገባል ተብሎ በር ሳይቆለፍ ይታደራል እንዴ?

እንግሊዝ ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከልክላለች። ባንኮቿ በረሃብ አልሞቱም። እዚያው አገር ደንበኛው ራሱ ወደ ቁማር የሚሄደውን ክፍያ የሚዘጋበት ቁልፍ በስልክ መተግበሪያቸው ያስገቡ ባንኮችም አሉ። የእኛዎቹ ይህን ለመሥራት ምን ያንሳቸዋል? የኮምፒውተር ባለሙያ ነው? በየካፌው ሞልቷል።

አዲስ አበባ የውርርድ ቤቶችን ስታሽግ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ሳስበው ያሸግነው በሩን ብቻ ነው። ድሮ ልጁ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፣ ጓደኛ አግኝቶ ሻይ ሊጋብዘው ይችላል። ብሩንም ቆጥሮ ሲሰጥ እጁ ይሰማዋል። አሁን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ ፒን ይነካል። አለቀ።

ድረ ገጾቹ ፈቃድ ያላቸው ናቸው ይሉኛል። ይሁን። አረቄ ቤትም ፈቃድ አለው። አረቄውን ግን አልጋህ ድረስ በቧንቧ የሚያመጣልህ የለም።

በዲጂታል ክፍያ ላይ ጠብ የለኝም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ለቁማር የሚሄደው ብር ግን የቀን ጣሪያ ይኑረው፣ ሌሊት ይቁም፣ ፈቃድ ወደሌለው ድረ ገጽ ደግሞ ጭራሽ አይለፍ። ይሄን ያህል ከባድ ነው?

ወዳጄ ከሄደ በኋላ ጫማዬን ላስጠርግ ቁጭ አልኩ። ሊስትሮው ገና ፂም ያላበቀለ ልጅ ነው። ስልኩን የቀለም ቆርቆሮው ላይ አስደግፎታል። የእንግሊዝ ክለቦች ከነኦዳቸው፣ ማለትም ከነውርርድ ብዜታቸው፣ ተደርድረዋል። በጥቁር ጣቱ ነካ ነካ አደረገና 50 ብር ላከ። ስልኩ ወዲያው ነዘረ። ለማን ነው፣ ለምንድን ነው ያለው የለም።

«ትናንት በአንድ ጎል ተበላሁ ጋሼ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «ዛሬ ግን ትገባለች።»

ሲጨርስ በስልክ ይላኩልኝ አለኝ። እምቢ ብዬ ጥሬ ብር ሰጠሁት። ብሩሹን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ጥግ ላይ ወዳለችው፣ ጥሬ ብር ተቀብላ ስልክ ላይ ወደምትሞላው ኤጀንት ሄደ።