ማስተካከያ፦ የውስጥ ጆሮ ሕመምና የሚዛን ልምምድ

ሰሞኑን በደሴ በስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ መልእክት «የውስጥ ጆሮ ሕመምተኛ ማዞሩ እስኪለቀው ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ይተኛ፤ የሚዛን ልምምድ ያባብሰዋል» ይላል። ስህተት ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ተቋም ኮክሬን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናቶች ግምገማ 39 ጥናቶችን መርምሮ፣ በአንድ ወገን የውስጥ ጆሮ ጉዳት ላይ ልምምዱ ውጤታማና ለጤና የማያሰጋ ሆኖ አግኝቶታል። አንዱ ልምምድ በክንድ ርቀት በተለጠፈች ፊደል ላይ ዓይንን ተክሎ ጭንቅላትን ግራና ቀኝ ማዞር ነው። መጀመሪያ ላይ የማዞር ስሜቱ ጥቂት ይብሳል፤ ሰውን ያስፈራው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ አንጎል የሚለምደው ግን በዚያው ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ለሰከንዶች የሚመጣው ማዞር ለብቻው ይታያል፤ ለእሱ የሚቀድመው ባለሙያ ጭንቅላትን እያዘዋወረ የሚሰጠው ሕክምና ነው። መልእክቱን አምነው ልምምድ ያቋረጡ፣ በተለይ የደሴን ዳገትና ቁልቁለት በየቀኑ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ሐኪማቸውን አማክረው ይቀጥሉ። ማዞሩ ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከፊት መጣመም ጋር ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።