ዲጂታል ግንባታ በወሎ ከድንጋዩና ከአፈሩ ይጀምር

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አርክቴክቸር የሚማር ወጣት ሕንፃውን የሚነድፈው በኮምፒውተር ነው፤ የእያንዳንዱ ግድግዳ ውፍረት፣ የኮለኑ ከፍታ፣ የብሎኬቱ ብዛት ሁሉ በሞዴሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ይሁን እንጂ ንድፉ ወደ ግንባታ ቦታ የሚወርደው በወረቀት ታትሞ ነው። ፎርማኑ ከወረቀቱ ላይ ልኬቱን እያነበበ፣ በሲባጎ፣ በቱንቢና በውሃ ልክ እያስተካከለ ያስገነባዋል። መሠረቱ ሲቆፈር መረሬ አፈር ቢወጣ፣ ወይም የቀረበው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ የሚፈረካከስ ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ዕውቀት ከግንበኛው ጋር ይቀራል እንጂ ወደ ንድፉም ሆነ ወደ መማሪያ ክፍሉ አይመለስም። ይህን የተቋረጠ ግንኙነት የሚቀጥል የዲጂታል ግንባታ፣ ማለትም የኮምፒውተር ንድፍንና ስሌትን ከግንባታው ሥራ ጋር የሚያያይዝ አሠራር፣ የምርምር ማዕከል በዩኒቨርሲቲው ሥር ሊቋቋም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የሌሎች ልምድ ሩቅ ቢመስልም ሊጠና የሚገባው ነው። በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም (ኢቲኤች) መሪነት እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ብሔራዊ የዲጂታል ግንባታ ምርምር ማዕከል፣ አርክቴክቶችን፣ መሐንዲሶችንና የሮቦት ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠርቶ በ2019 በዱበንዶርፍ ሰው የሚኖርበት ቤት አስመርቋል። የቤቱ አንድ ግድግዳ የብረት መረብ በሮቦት የተሠራ ሲሆን መረቡ ራሱ ካሳፎርማም (አርማታው እስኪደርቅ ቅርጹን የሚይዝ ማቀፊያ) ፌሮም ሆኖ አገልግሏል። በ2021 ደግሞ በጣሊያን ማሳ ሎምባርዳ ከአካባቢው ጥሬ አፈር በግዙፍ ማተሚያ የታተመ ቤት ቆሟል። እነዚህ ማሽኖች ውድ ናቸው፤ ነገ ተገዝተው ኮምቦልቻ ቢደርሱ እንኳ መለዋወጫ እየጠበቁ አቧራ እንደሚጠጡ እሰጋለሁ። ከእነርሱ መቅዳት ያለብን ነዳፊው፣ አስሊውና ገንቢው በአንድ ጣሪያ ሥር መሥራታቸውን ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቷል። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት፣ የኢትዮጵያ የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዚያው ከዙሪክ ተቋም ጋር ሆኖ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ገንብቶ ነበር። የወለሉ ሶሌታ አርማታ አይደለም፤ ከአፈር ከተጠፈጠፉ ቀጫጭን ጡቦች የተሠራ ቀስተ ጣሪያ ነው። የቅስቱ ቅርጽ ጭነቱን በሙሉ በመጫን ብቻ፣ ማለትም ጡቦቹ ሳይሳቡ እርስ በርስ እየተጫኑ፣ ወደ ግድግዳው እንዲያስተላልፍ ተደርጎ የተሰላ በመሆኑ ብዙ ፌሮና ብዙ የካሳፎርማ ጣውላ አላስፈለገውም። ስሌቱ የኮምፒውተር፣ ሥራው የእጅ ነበር። ፌሮና ሲሚንቶ በናረበት በዛሬው ገበያ ይህ ዓይነቱ ምርምር የቅንጦት ጉዳይ ሊባል አይችልም።

ነገር ግን ያንኑ ቅስት እንዳለ ወደ ወሎ አምጥቶ መገልበጥ አደገኛ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያለችውን የማጀቴ ከተማ አፍርሷል። ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራ ብረት አልባ ግንባታ መጫንን ይችላል፣ የጎን መናወጥን ግን በቀላሉ አይችልም። ደሴ ላይ የተዳፋቱ መንሸራተት ሲጨመርበት ጉዳዩ ይብሳል፤ የተማሪዎቻችን የዲዛይን ሥራዎች ብዙውን ጊዜ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ተሥለው ማየቴም ያሳዝነኛል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ለዚህ መሬት የሚሆነውን መልስ መፈለግ ያለበት እዚሁ መሬት ላይ ያለ ተቋም ነው።

መልሱን ለመፈለግ መነሻው ደግሞ በእጃችን አለ። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት በረድፍ እየተፈራረቁ የተሠራ ነው፤ የእንጨቱ ረድፍ ግድግዳውን ዙሪያውን በአግድም ያስረዋል። ይህ እስር ግድግዳ ሲናወጥ ምን ያህል እንደሚያግዝ፣ በየስንት ረድፉ ቢደረግ እንደሚበጅ፣ በባሕር ዛፍ ቢተካ ይችል እንደሆነ በሞዴል አስልቶ፣ ከዚያም ግድግዳ ሠርቶና አናውጦ መፈተን ይቻላል። በሾንኬ ተራራ ላይ ያሉት የአርጎባ የድንጋይ ቤቶችም፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽም የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ቃኝቶ በሦስት አቅጣጫ የመዘገበው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ነው። ላበረከተው ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም ቀጣዩን ቅኝት የወሎ ተማሪዎች የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም። በመደበኛ ካሜራ ከየማዕዘኑ የተነሡ ፎቶዎችን አገናኝቶ የሦስት አቅጣጫ ሞዴል የሚያወጣ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ለጅምር ይበቃል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዩኒቨርሲቲው ብዙ ንብረቱን ማጣቱ የታወቀ ነው። ለመልሶ ማቋቋም የሚገኘው ገንዘብ የጠፋውን በጠፋው ዓይነት ከመተካት አልፎ፣ የጡብ መጭመቂያ፣ የአፈርና የድንጋይ ጥንካሬ መፈተሻ፣ ድሮንና ጥቂት ጠንካራ ኮምፒውተሮች በአንድ ሰፊ ሼድ ውስጥ እንዲሰባሰቡ ቢውል ማዕከሉ በዚያው ተጀመረ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ጉዳይ ነው። የድንጋዩን ጅማት በዓይኑ የሚያውቅ ጠራቢና ጭቃው መቡካቱን በእግሩ የሚለይ ግንበኛ ዲግሪ ስለሌለው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ በር የሚገባው በቀን ሠራተኛነት ነው። ማዕከሉ እነዚህን ባለሙያዎች በአሠልጣኝነት፣ ተገቢ ክፍያ እየከፈለ የሚቀጥርበት የሥራ መደብ ያስፈልገዋል፤ ተማሪውም ያለ እነርሱ ፊርማ የግንባታ ኮርሱን ማለፍ የለበትም። የመምህራን ዕድገትም በታተመ ጽሑፍ ብቻ ሳይወሰን ቆሞ የተፈተነ ግድግዳ እንዲቆጠርላቸው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት መመሪያውን ማሻሻል ይኖርበታል፤ ይህን ለማድረግ የውጭ ምንዛሪም የአጋር ዩኒቨርሲቲ ፈቃድም አያስፈልገውም።